ከእጥፋቱ በታች ያለው ቃል

ያላልኩትን ቃል ብላለች ብለው ጻፉ፤ ከዚያም እጄን ይዘው ጣቴን አስነክተው የእኔ አደረጉት። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። መታሰሬን አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የታሰረው ብዙ ነው። ሙቀቱንም ትኋኑንም አይደለም። በእኔ ጣት ሌላ ሰው መናገሩን ነው።

ስም አልጠራም። ያሰሩኝም አብረውኝ የታሰሩትም ዛሬ በአንድ ገበያ ነው የምንገበያየው።

የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ቤቴን ፈትሸው ከሣጥኔ ሥር አንድ ደብተር አወጡና አብሬያቸው እንድሄድ ነገሩኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። በባጃጅ ሄድን፤ ሦስታችን ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የማሽላ መጋዘን ነበር። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ እንደሚቆላ እህል ይንጣጣል። መስኮት የለውም። በበሩና በመሬቱ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ፤ ብርሃኑም፣ አቧራውም፣ የጠባቂዎቹ ጫማም የሚታየው በዚያ ነው። ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ እኔ ሰባተኛ ሆንኩ።

አጠገቤ የነበረችው የሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ገና ሳልቀመጥ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ እርስዎን ደግሞ በምን አመጡዎት?»

«በሙሾ።»

«በሙሾ?» ሳቀች። «እኔ በሽንኩርት፣ እርስዎ በሙሾ! ሁለታችንም ሰው አስለቅሰናል፤ አንድ ላይ ቢያስሩን እውነታቸውን ነው።»

ሙሾ ያልኳት ውሸት አልነበረም። እኔ አልቃሽ ነኝ። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል፤ ለሟቹ የሚገባውን ግጥም እልለታለሁ። በእኛ ቤት ደንብ አለው። ለአንድ ሟች የተባለ ሙሾ የቤተሰቡ ነው፤ አርባው ካለፈ በኋላ ያለ እነሱ ፈቃድ ሌላ ቦታ አይደገምም። ለቅሶ በሌለበትም ሙሾ አይወጣም፤ ሞት መጥራት ነው። ሙሾ ልትሰበስብ እኔ ዘንድ ትመላለስ ለነበረች አንዲት ፈረንጅ ይህን ስነግራት በደብተሯ ጻፈችው። ከጻፈችው በኋላ ደግሞ ጠበቀችው። የነገሩትን የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ፤ የሚጠብቅ ግን ብዙ አላየሁም።

ጀርመን ናት። በአገሯ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ግጥም ስታስተምር የኖረች፣ የሌላ አገር መጻሕፍት ወደ ቋንቋዋ የምትመልስ ሴት ናት። አማርኛውን የተማረችው ከአገራችን ከሄደ አንድ የቄስ ልጅ ነው፤ አነጋገሯ የመጽሐፍ ነው። እናቷ በሞተች ጊዜ አንድ ወረቀት የያዘ ሰው ተነሥቶ የተወለደችበትን ቀንና የሠራችበትን ቦታ አንብቦ ተቀመጠ፤ ሰውም እጅ ተጨባብጦ ወደ ምሳ ሄደ። «ዕድሜዬን ሙሉ ግጥም ሳስተምር ኖሬ ለእናቴ የምለው አንድ ስንኝ አጣሁ» አለችኝ። ጡረታ እንደወጣች ሙሾ ፍለጋ ተነሣች። ማሽላው እሸት ሲይዝ ትመጣለች፤ በልጉ ሳይጀምር ትሄዳለች። አራት ዓመት እንዲሁ ተመላለሰች። «ወይዘሮ» እያለች በእርስዎ ነው የምታናግረኝ። «አንቺ በይኝ፤ እኩያሽ ነኝ» ብላት ፊቷ ቀላ፤ ምላሷ ግን እምቢ አላት።

አሠራሯን መናገር አለብኝ። ግጥሙን ለቅሶው ላይ ሆና ከአፌ ትጽፋለች። በማግስቱ በቋንቋዋ መልሳው ትመጣለች። ከዚያ አማርኛውን በእጇ ትሸፍንና የራሷን እያየች እንደገና ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ሄዶ የመጣው ቃል የእኔ ከሆነ አዎ እላለሁ፤ ካልሆነ ትሰርዘዋለች። ከዞብል ተራራ ሥር ከብት ያገደ ሰው ይህ ይገባዋል። ጠዋት ያሰማራኸው ማታ ሲገባ በሩ ላይ ቆመህ ታየዋለህ፤ የጎደለም፣ ከሌላ በረት የተቀላቀለም ይለያል።

ማሽላ ጠባቂ የነበረ አንድ ጎረምሳ ደረቁን ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወስዶት ነበር። እንዲህ አልኩለት፦

ዝናብ ለምነን ነበር ማሽላው ቢጠማ፣
ጎርፍ አንተን ወሰደ ባዶ ቀረ ማማ።

ይህ ግጥም ከጀርመን አገር ሲመለስ ማማው ግንብ ሆኖ መጣ። «በእኛ ማሳ ምን ግንብ አለ? የድሃውን ልጅ ንጉሥ አደረግሽው» አልኳት። በማግስቱ በሰባ ዓመቷ ማማ ላይ ወጣች። አራት ባላ ላይ የተረበረበ እንጨት ነው፤ ይወዛወዛል። ወንጭፍ ይዛ እስከ ቀትር ወፍ ስታባርር ዋለች፤ አንድም አልመታች። ስትወርድ አፍንጫዋ ተልጧል።

«አሁን ገባኝ» አለች። «ከላይ ሆኖ ጎርፉ ሲመጣ ይታያል። የሞተው ስለወረደ ነው።»

ግጥሙን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እንኳ እንዲያ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

የጣት ፊርማውን ነገር ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። እሷ የቤተሰቦቹን ፈቃድ በአፍ ጠይቃ ልትተወው ነበር። እኔ አልተውኩም። «የአፍ ነገር ነገ ይካዳል፤ ጣታቸውን ያኑሩ» አልኩ። የማኅተም ቀለም ከቆቦ ገዝተን ቤት ለቤት ዞርን። በየገጹ የሟቹ ስም፣ ቀበሌው፣ ግጥሙ፣ ከሥሩም የእናት ወይም የሚስት አውራ ጣት ሆነ። ለባሌ ያልኩት ሙሾ ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ፈረንጇ ቀለሙን አቀረበችልኝ። ገፋሁት። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። «እኔ ጣት አልጥልም፤ እጽፋለሁ» ብዬ ስሜን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ውስጥ በጽሑፍ የተፈረመው ገጽ የእኔ ብቻ ነው።

ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ሲበላሽ ደብተሩን ለእኔ በአደራ ትታ ሄደች። ግጥሞቹን በሌላ ወረቀት ገልብጣ ይዛለች፤ ስሙና ጣቱ ከእኔ ጋር ቀረ። ከሣጥኔ ያወጡት እሱን ነው። የሟች ስም ከነቀበሌው፣ ከሥሩ የቤተሰብ ጣት፣ ያስጻፈችው ፈረንጅ። ላላወቀው ሰው ክስ ይመስላል። በመጠርጠራቸው አልፈርድም።

በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ። መርማሪው ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ ነው። አልጮኸም። ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ እነዚህን ሰዎች ማን ገደላቸው ብላችሁ ነው የጻፋችሁት?»

«አንዱን ወባ። አንዱን ጎርፍ። አንዷን ምጥ። ጥቂቶቹን ጥይት።»

«የማን ጥይት?»

«ሙሾ የጥይት ባለቤት አይጠይቅም። የሟቹን ነው የሚያወራ።»

«እስቲ አንዱን ይበሉልኝ።»

«እዚህ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይባልም።»

ቀና ብሎ አየኝና መጻፍ ጀመረ። ብዙ ጻፈ። እኔ የሰጠሁት አንድ ጭብጥ፣ እሱ የሰፈረው አንድ ቁና። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ።

«ጣትዎን እዚህ ያሳርፉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ» አለኝ።

«አንብብልኝ።»

አነበበልኝ። ፈረንጇ ሕዝብ ለማሳመፅ የሙታን ስም ስትሰበስብ እንደነበር፣ እኔም አውቄ እንዳቀበልኳት፣ አሁን ግን መጸጸቴን ይላል።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ገልብጠው።»

«ለምን?»

«ገልብጠውና እኔ ያልኩህን በአፍህ ንገረኝ።»

ሳያስበው ገለበጠው። «ወባ ብለዋል» አለ። «ጎርፍ። ምጥ። ጥይት…» ቆመ።

«ስለ ፈረንጇስ ምን አልኩ?»

«ስለ እሷ ምንም አላሉም።»

«እንግዲያው ይሄ የሌላ ሰው ከብት ነው። ከእኔ በረት አልወጣም።»

ፊቱ ተለወጠ። እርስዎ ማለቱንም ተወ። «እስከ ነገ አስቢበት፣ አንቺ ሴትዮ» ብሎ መለሰኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ሽንኩርት ነጋዴዋ ሁሉንም አወጣጣችኝ። ስጨርስ በመዳፏ ጭኗን መታች።

«ኧረ እማዬ፣ ጣትዎን ጥለው ይውጡ! ፈረንጇ አገሯ ገብታ ተኝታለች። ምኗ ይነካል?»

«ስሟ ይነካል።»

«ስም ይበላል እንዴ?»

«አይበላም። ሚዛንሽ አጭበርባሪ ነው ቢሉሽስ?»

«ኧረ በሚዛኔ አይምጡብኝ!»

«አየሽ።»

ወደ እኔ ጠጋ አለች። «የታመመችው የልጅ ልጅዎስ?» አለችኝ በቀስታ።

ቤት ውስጥ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ሌላ አሳዳጊ የላቸውም። ታናሿን ወባ ጥሏት እንደነበር ስንቅ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ በዚያው ጠዋት ነግራኛለች። ወረቀቱ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ማታውን አጠገቧ ነኝ። ይህን እዚህ የምጽፈው ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ላንኳኳ ነበር። በተነሣሁ ቁጥር ፈረንጇ አማርኛውን በእጇ ሸፍና «ይህ የእርስዎ ቃል ነው?» ስትለኝ ይታየኛል። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ መርማሪው አንድ ጠባቂ ከጎኑ አቁሞ ጠበቀኝ።

«አሰብሽበት?»

«አሰብኩ። አላልኩም።»

ለጠባቂው በአገጩ አመለከተው። ጠባቂው የእጄን አንጓ ያዘ። «ይቅርታ፣ እናቴ» አለኝ በጆሮዬ፤ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነው። ቀለሙ ቀዝቃዛ ነበር። መርማሪው እንዲደርቅ እፍ አለበት።

«እስክሪብቶውን ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«መጻፍ እችላለሁ።»

«ስምሽን? ጥሩ፤ ይጠነክራል» ብሎ ሰጠኝ።

ተቀበልኩት። ከጣቱ ሥር ጻፍኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ አገዝፈዋለሁ። እሱ ስልኩን ያያል።

«ስምሽ እንዴት ረዘመ?» አለኝ።

ጨርሼ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞርኩለት። «ይህን አላልኩም» ይላል።

ጠባቂውን ሳቅ አመለጠውና ወደ ሳል ለወጠው። መርማሪው ወረቀቱን ይቀደዋል ብዬ ነበር፤ አልቀደደውም። ቁጥርና ማኅተም አስቀድሞ ተመትቶበታል፤ የጠፋ ገጽ እሱንም ያስጠይቃል። ልክ ከጽሑፌ በላይ አጠፈው። እጥፋቱን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ላገው።

«ውሰዳት» አለ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ቆየሁ። ማንም ለጥያቄ አልጠራኝም። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ከፍተው «ሂጂ» አሉኝ። ደብተሩን ጠየቅኩ፤ የለም አሉ። ልጅቷ ድና ነበር፤ ግን ለሁለት ወር ያህል አኩርፋኝ ቆየች። አልቆጣኋትም።

ጣታቸው ደብተሩ ላይ ወዳለባቸው ቤቶች ሁሉ ሄድኩ። ጣት ያኑሩ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ይቅርታ መጠየቅ የእኔ ድርሻ ነው። አንዳንዶቹ ተጠርተው ተጠይቀዋል። አንዲት ሴት በሯን ሳትከፍትልኝ ቀረች። የማሽላ ጠባቂው ልጅ እናት ግን «ጣቴን የጣልኩት ለልጄ ነው፤ ምንም ብለው ቢያነቡት አልመልሰውም» አለችኝ።

በኋላ አንድ ቆቦ የሚያስተምር መምህር፣ ከፈረንጇ ጋር በስልክ ይጻጻፍ የነበረ፣ ዳግመኛ ስትመጣ ከአየር ማረፊያ ወደ አገሯ እንደመለሷት ነገረኝ። ወረቀቱን አሳይተው «ያመንሻት ሴት መስክራብሻለች» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ለእሱም መጻፍ አቆመች። ታማ ነው አለኝ። እኔ ግን ሌላ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ያንኑ አሰብኩ። ወረቀቱን ፍለጋ ቢሮ ብመላለስ እንዲህ ያለ ፋይል አናውቅም አሉኝ። በመጨረሻ መምህሩን አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ አልኩት፦ «አመንሽ?»

ዘንድሮ ማሽላው እሸት ሲይዝ የፈረንጇ ተማሪ የነበረች ወጣት፣ ሙሾዎቹ በጀርመንኛ የታተሙበትን መጽሐፍ ይዛ ቆቦ ድረስ መጣች። ፈረንጇ ከእንግዲህ መንገድ አትችልም። በመጽሐፉ ውስጥ የቤተሰቦቹ ስም የለም፤ እኛን ለመጠበቅ ነው አለችኝ። አልወደድኩትም። የተስማማነው በስም ነበር። እንዲህም ሆኖ የማማውን ግጥም አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። «በይ አሁን ወደ አማርኛ መልሽልኝ» አልኳት። አማርኛዋ ይንተባተባል፤ ግን ዝናቡ መጣ፣ የተጠማው ማሽላ መጣ፣ ጎርፉ መጣ፣ በባላ ላይ ያለው ባዶ መቀመጫ መጣ። አንድም አልጎደለም።

አሁንም ወደ ቢሮ ስገባ ነጠላዬን አይተው የጣት ቀለሙን ይገፉልኛል። እስክሪብቶ እላለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላዬ ያጉረመርማሉ። ይጠብቁ።

ወጣቷ ከመጽሐፉ መካከል የታጠፈ ደብዳቤ አወጣች። በፈረንጇ እጅ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ መስመሩ ይወላገዳል። ላንብብልሽ ስትለኝ እምቢ ብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

«ወረቀቱን አጥፈው አሳዩኝ። ክፈቱት አልኳቸው፤ አልከፈቱም። ከእጥፋቱ በታች ምን እንዳለ አላውቅም። ከላይ ያየሁት ግን ጣት ነው። አንቺ ትጽፊያለሽ። አላመንኩም።»