የእማማ ብርቄ ቴምብር

በጣሊያን ጊዜ ጉለሌ የነበረ ቴምብር ሰብሳቢ ጣሊያናዊ ሻምበል፣ ጎረቤቴን እማማ ብርቄን «የንጉሡ ቴምብርሽ እውነተኛ ከሆነ እሱን ወስጄ ልጅሽን ከእስር እፈታለሁ» አላቸው። ፖስታ ቤት ሠርቼ ስለማውቅ መርማሪው እኔ ሆንኩ። በማጉያ መነጽር ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የዳሩን ጥርስ አየሁ፤ መወሰን አቃተኝ። ሳመነታ እማማ «ጃንሆይን ልሰናበታቸው!» ብለው ቴምብሩን ነጠቁኝና እንደ ዳዊት መጽሐፍ ፊቱንም ጀርባውንም ሳሙት። ከንፈራቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

በጣሊያን ፊት የንጉሥ ምስል መሳም ያሳስራል፤ እኔም በሩን ማየት ጀመርኩ። ሻምበሉ ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ሙጫው አለ! እውነተኛ ነው!»

ሙጫ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እኔ ግን ማጉያ መነጽሬን ኪሴ ከተትኩ።

«ልጅሽ ተፈቷል!» አለና ወዲያው ሁለት እጁን ከከንፈራቸው ሥር ዘርግቶ ለመናቸው፦ «ብቻ እባክሽ፣ እልል እንዳትዪ!»