ሰባተኛው ፖስትካርድ

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ተረት ሁሉ የሚወጣው ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። አባባ ሀንዲሶ በጉልበታቸው ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮን አናጺ ሆነው ሠርተዋል። እዚያ የነበሩ አንድ ፈረንጅ ቄስ የከተማችንን የሆሳዕናን መንገዶች ፎቶ እያነሱ በአገራቸው በፖስትካርድ ያሳትሙ ነበርና፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሰባቱን ለአያቴ ትተውላቸው ሄዱ። የሌላ ልጅ አያት አፉን ከፍቶ ይጀምራል፤ የእኔ አያት ግን መጀመሪያ ያንን የዛገ ክዳን ታግለው መክፈት ነበረባቸው።

ያኔ፣ መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መብራት አመሻሹ ላይ አሁንም አሁንም ይጠፋ ነበር። እናቴ ኩራዙን ለኩሳ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች፤ የባሕር ዛፉ ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ቆጮው ፍሙ ዳር እየሞቀ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ዳዊት ወደ አያታችን እግር ሥር እንጠጋለን። ዳዊት በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበር። አባባ የሚተርቱልን በሐዲይኛ ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ እንባባላለን። አንዱን ካርድ ከፍ አድርገው «ያኔ!» ሲሉ፣ እኛ «አሁን!» ብለን የዛሬውን መናገር አለብን። «ያኔ የፈረስ ማሰሪያ!» «አሁን ወፍጮ ቤት!» እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደግሞ ካርዶቹን ይዘን ቄሱ የቆሙበትን ቦታ ፍለጋ መንገድ መሐል እንገተራለን። ባለጋሪዎቹ እያለፉን «አባባ ሀንዲሶ ዛሬም ከተማውን ሊፈትኑት ወጡ» ብለው ይስቁ ነበር።

ሰባተኛው ካርድ የእኛ ሰፈር ነበር፤ ከከተማው ዳር፣ ወደ ሆመቾ በሚያስወጣው መንገድ። ቀጭን የአፈር መንገድ፣ ሣር፣ እንስራ ያዘሉ ሁለት ሴቶች፣ ከኋላቸው ጭጋግ። ቤታችን አይታይም። አባባ ግን የካርዱን የቀኝ ጠርዝ በጥፍራቸው ነካ አድርገው «ይህ የእኛ ኮርች ነው» ይላሉ። «ቄሱ ትንሽ ዞር ቢሉ ኖሮ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትታይ ነበር።» ኮርች በእኛ አገር ለድንበር የሚተከል፣ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ነው፤ የእኛው እኔ ልጅ ሳለሁም አጥራችን ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ካርዱ ላይ ግን ከጭጋጉ እምብዛም የማይለይ ጥላ ነው። ዳዊት ሁልጊዜ «እኔ ምንም አይታየኝም፤ የጣት እድፍ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ እርር እላለሁ።

የዚህ ካርድ ተረት ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነበር። አንድ ሰው የጎረቤቱን መሬት ተመኝቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ጠብቆ፣ የድንበሩን ኮርች ነቅሎ ሦስት እርምጃ ያሻግራል። በማግስቱም ሦስት። ማንም አላየውም። ነገር ግን ኮርቹ በተሻገረ ቁጥር የራሱ ቤት በር ሦስት እርምጃ ይሸሽ ኖሯል። አንድ ቀን ከብቶቹን ነድቶ ሲመለስ በሩን ያጣዋል። ሚስቱ ከውስጥ «ግባ እንጂ» ትለዋለች፤ ድምጿን ይሰማል፤ ግድግዳውን እየዳበሰ ይዞራል፤ በር የለም። አባባ ተረቱን እዚህ ላይ ያቆሙታል። «ከዚያስ?» ስንላቸው «ከዚያማ፣ እስካሁን እየዞረ ነው» ብለው ካርዱን ወደ ቆርቆሮው ይመልሱታል። እኔ ከዚያ በኋላ ለሽንት እንኳ ዳዊትን ሳላስከትል አልወጣም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ጥቁር እስክሪብቶ ይዣለሁ። ሐሳቤ የዳዊትን አፍ መዝጋት ብቻ ነበር። በጥላው ላይ ሄድኩበት፤ ግንዱን አደመቅኩት፤ ከዚያም በበሩ በኩል እውነተኛውን ዛፍ እያየሁ ሁለት ቅርንጫፍ ጨመርኩለት። የሌለ ነገር አልፈጠርኩም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የዚያን ምሽት በኩራዙ ብርሃን ዳዊት ካርዱን አየና «ታየኝ! ዛሬስ ታየኝ!» አለ። ዓይናቸውን ሞራ የጀመራቸው አባባ ከእኛ በላይ ተደሰቱ። «አላልኳችሁም?» አሉ። እኔም አንድ ምሽት ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ቀያሾች መጡ። ሜትር ዘረጉ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያ በአጥራችንና በቤታችን የፊት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልልቅ ኤክስ አድርገው ሄዱ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። አጥሩ ከድሮ ጀምሮ እዚያው የነበረ ለመሆኑ ማስረጃ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርብ፤ የሌለው ወደ መንገድ ገፍቶ እንደገባ ተቆጥሮ ይፈርስበታል። የእኛ ወረቀቶች በለውጡ ጊዜ ጠፍተው ቀርተዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀለሙን ቆማ ስታይ፣ አባባ ግን ሳቁ። «ወረቀት ምን ያደርጋል? ፎቶ እያለን!» አሉ።

እነዚያን አሥር ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ዛሬም ሳስበው መዳፌን ያልበኛል። በላጲስ ሞከርኩ፤ በምራቅ ሞከርኩ፤ የካርዱ ቆዳ ተነሣ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። መብላት ሲያቅተኝ እናቴ ወስፋት ነው ብላ የሚመር መድኃኒት ጋተችኝ፤ ጥፋቴ ስለሆነ ዝም ብዬ ዋጥኩት። በመጨረሻው ቀን አባባ ብቻቸውን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ተጠጋኋቸው።

«አባባ፣ ካርዱን ባይወስዱትስ?»

«ለምን፣ ማርቲ?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ይጠፋብናል» አልኩ።

«እንግዲያ አንቺ ትይዥልኛለሽ» አሉና ራሴን ዳበሱኝ።

እኔው ያዝኩላቸው። በደብተሬ መሐል አድርጌ፣ በሌላ እጄ እሳቸውን እየመራሁ፣ ሰው ወደሞላበት የማዘጋጃ ቤት ቢሮ ገባን። ጉዳያችንን ያየው ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። አባባ የሚሲዮኑን፣ የቄሱን፣ የኮርቹን ነገር ረጋ ብለው አስረዱት፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሳይቀር ተረት እንደሚሰማ ጸጥ ብሎ አዳመጣቸው። ሠራተኛው ካርዱን ከእጄ ተቀበለኝ። አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደና ለብርሃኑ አዘነበለው።

«አባባ» አለ ሲመለስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህ ዛፍ እኮ በእስክሪብቶ የተሳለ ነው።»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ተቀበሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ቀስ እያሉ ዳበሱት። እስክሪብቶዬ የቦረቦረው ላይ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ። ሌላው እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሲከብደኝ ተሰማኝ። ስሜን እስኪጠሩ ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ ቢደክምብኝ ላጉላው ብዬ ነው። ዛፉ ግን እውነት ነው።»

«እውነት ሊሆን ይችላል፣ አባባ። በዚህ ግን ማስረጃ ብዬ ልመዘግብልዎ አልችልም።»

የሰፈሩ ሰው ለሽምግልና የሚጠራቸው፣ በቃላቸው የድንበር ጠበኞችን የሚያስታርቁ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዛፍ ስለው ያጭበረበሩ ሽማግሌ ሆነው ወጡ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። እሳቸው አሏት፤ እኔ አላልኳትም።

ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ የቤታችንን ፊት ወሰደው፤ ኮርቹም ተቆረጠ። የተረፈውን ክፍል ግድግዳ መርገን፣ በሩን በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ አቅጣጫ አወጣነው። አባባ ቆርቆሮውን ከዚያ ወዲያ እምብዛም አልከፈቱትም፤ የዚያን በሩ የጠፋበትን ሰው ተረት ደግሞ ጨርሶ አልነገሩንም። ግን አላስፈለገም። ሞራው እየጠናባቸው ሲሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸው በለመደው መንገድ ወደ ድሮው በር ይወስዳቸዋል። እናቴ ከውስጥ «አባባ፣ በዚህ በኩል ይግቡ እንጂ» ትላለች። እሳቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ይቆማሉ።

ይህን ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ወጥቼ እጃቸውን እይዛለሁ። አንድ ቀን እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ «አባባ፣ እስክሪብቶው የእኔ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አሁን በሩ ወዴት ነው?»

ካርዶቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው። እኔም ለሴት ልጄ «ያኔ» እያልኩ አሳያታለሁ፤ በእኛ ጊዜ «አሁን» የነበረው ወፍጮ ቤት እንኳ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ሰባተኛው ካርድ ላይ ጭጋጉም ሴቶቹም ደብዝዘዋል፤ እኔ የሄድኩበት ያ እውነተኛ ጥላም ከሥሩ ጠፍቷል። የእኔ መስመር ብቻ እንደ ትናንት ጠቁሮ ይታያል። ልጄ ጣቷን እላዩ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ ዛፉ እውነት ነበር?» ትለኛለች። «ነበር» እላታለሁ፤ ካርዱን ወደ መስኮቱ ሳትወስደው ግን ቶሎ እቀበላታለሁ።