የሆንግ ኮንግ ገዥ የሆነችው ጓደኛዬ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ስማር በመጨረሻው ዓመቴ፣ የዓለም አቀፍ ግንኙነት አስተማሪያችን ክፍሉን ለሁለት ከፍለው አንድ የቆየ ድርድር ሚና ተከፋፍለን እንድንተውነው አደረጉ። ጉዳዩ የሆንግ ኮንግ ነበር። እንግሊዝ ግዛቷን ለቻይና ልታስረክብ ጥቂት ዓመታት ሲቀሯት፣ የመጨረሻው ገዥ ብዙ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ማሻሻያ አቀረበ፤ ቻይና ደግሞ ይህ ከተስማማነው ውጭ ነው ብላ ተቆጣች። ከሁላችን በተሻለ የተከራከረ ተማሪ ኦታዋ በሚደረግ የተማሪዎች ጉባኤ ላይ እንደሚናገር ተነገረን። ክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ያን ቦታ ግን ፈለግሁት።

አስተማሪያችን ስለ ጉዳዩ የጻፍኩትን አንብበው ስለነበር መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ገዥዋ አንቺ ብትሆኚስ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ። ሌላ ሰው ይሁን።»

እምቢ ማለቴ አልነበረም። ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን እንግዳ ብላ ሲሉት በቃኝ ይላል፤ እናቴ በሞቴ ትላለች፤ አሁንም በቃኝ ይላል፤ ከዚያ ይበላል። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን «እሺ፣ ችግር የለም» ብለው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ።

«እኔ እሆናለሁ!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ።

እዚሁ ካልጋሪ፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። እነሱም ቤት በሞቴ መባባል አለ። እሷ ግን ያን ሁሉ የቤቷ ደጃፍ ላይ ጥላው ነው የምትወጣው፤ እንዴት እንደምትችልበት አላውቅም። ለእኔ የቀረኝ የቻይናን ልዑካን መምራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ሁሉም «ክብርት ገዥ» እያለ ይጠራት ጀመር። እሷም እጇን እያውለበለበች ታልፋለች። ማታ ትደውልልኛለች።

«ኮል አድርጊልኝ ስልሽ ለምን አታደርጊም? ስሚ፣ ይቺን ስፒች ላንብብልሽ።»

እሰማታለሁ፤ የተበላሸውን አቃናላታለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ጥርሴን ነክሼ እገኛለሁ። እሑድ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ።

«የእሷ ልጅ ገዥ ሆነች አሉ። አንቺስ ምን ሆንሽ?»

«ቻይና።»

«ቻይና?» አለችና ራሷን እየነቀነቀች ሬዲዮውን ከፈተች።

የድርድሩ ቀን ጓደኛዬ ጥቁር ኮት ለብሳ መጣች። ሕዝቡ ከርክክቡ በፊት በራሱ ጉዳይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል አለች፤ አሳምራ ተናገረች። የምትለውን እኔም አምንበታለሁ። ጽሑፌም ላይ ያሰፈርኩት እሱኑ ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን የተሰረቅሁ መሰለኝ።

ተራዬ ደረሰ።

«ክብርት ገዥ፣ ከመቶ ዓመት በላይ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ይህ ሕዝብ ድምፅ እንደሚያስፈልገው አልታያችሁም። የታያችሁ ሻንጣችሁን ስታስሩ ነው። ቤት ሊለቅ ሲል ለባለቤቱ ሳይነግር የበሩን ቁልፍ የሚቀይር ተከራይ ምን ይባላል?»

ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። እሷ ወረቀቶቿን ማገላበጥ ጀመረች። እኔ አላቆምኩም። የምትመርጡትን ምክር ቤት በተረከብን ማግሥት እንበትነዋለን አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ቻይና እየተናገርኩ አልነበረም፤ ያ ወንበር የእኔ ነበር እያልኳት ነበር።

ኦታዋ የምትሄጂው አንቺ ነሽ አሉኝ አስተማሪያችን፣ በዚያው ሰዓት፣ በሁሉም ፊት።

ጓደኛዬ ዘልላ አቀፈችኝ። እንደ ወትሮው በመኪናዋ ልታደርሰኝ ወጣን።

«ተከራይ አልሽኝ አይደል? አንቺ ዝምተኛ! ሲሪየስሊ፣ እዚያው ሞቼልሽ ነበር እኮ!» እየሳቀች ወደ እናቷ ደወለች፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። «እማዬ፣ ተሸነፍኩ! ድብን አድርጋ አሸነፈችኝ!»

ገዥ ሆንኩ ብላ የነገረቻትም በዚሁ ድምፅ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። እናቷም ሳቀች። «እሰይ! ድሮም ነግሬሽ ነበር፣ እሷ ጎበዝ ናት» አለች።

እኔ ብሸነፍ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። ሜሞሪያል ድራይቭ የሚባለው መንገድ ላይ ስንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። እናትና ልጅ ግን አሁንም እየሳቁ ነበር፤ እኔም አሁንም እቀናባት ነበር።