ከሾላው እስከ ድልድዩ

የፍሬን ጥያቄ ሰው የሌለበት ጥያቄ ነው ይላሉ። «አንድ መኪና በዚህን ያህል ፍጥነት ሲሄድ ፍሬን ቢያዝ ስንት ሜትር ተጉዞ ይቆማል?» ሾፌሩ ቤተሰብ የለውም፤ መንገዱ አገር የለውም፤ ተማሪው መልሱን አስምሮበት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሐሰት ነው። ሰው አለበት። እኔ በዕድሜዬ ከልቤ የሠራሁት የፍሬን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በውስጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ሊሰቀል ታስሯል።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ እማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ይዤ በእግሬ ቡሬ ገባሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው፣ ያኔ ግን ሌላ ስም በነበረው ከተማ፣ በጣሊያኖች ሰፈር አስተርጓሚ ሆንኩ። አሁን በየድግሱ ከምሰማው እንደምረዳው፣ በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ አርበኛ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይሁን።

የእህቴ ባል ከደምበጫ ወደ ቡሬ ዱቄት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ መታጠፊያውን አልፎ ሜዳው ላይ ወደ አንዲት ትንሽ ድልድይ ሲቃረብ፣ ከድልድዩ ሥር ፊቱን ታጥቦ የወጣ የጣሊያን ወታደር መንገዱ መሀል ተገተረ። መኪናው ገጨው። ወዲያው ሞተ።

ጉዳዩን የያዘው አንድ ሻምበል ነው። በአገሩ መሐንዲስ ነበር አሉ፤ እኔም መሐንዲስነቱን ከሰማይ የወረደ ዕድል አድርጌ ቆጠርኩት።

«እኛ አረመኔዎች አይደለንም» አለኝ። ይህን የሚሉት ሰው ሊሰቅሉ ሲሉ ነበር። «ዘበኛዬ አይቷል። ወታደሬ መንገዱ ላይ ሲወጣ መኪናው መንገድ ዳር ካለው ሾላ ሥር ደርሶ ነበር። ከሾላው እስከ ድልድዩ ሠላሳ አምስት ሜትር ነው። ሾፌሩ መቆም እየቻለ ካልቆመ የሽፍቶች ሰው ነውና ይሰቀላል። መቆም ካልቻለ ጥፋቱ መፍጠን ነውና ይታሰራል። ዘበኛዬ መኪናው ፊት ለፊት ስለመጣበት ፍጥነቱን መለየት አልቻለም። አንተ ተምሬአለሁ ትላለህ፤ ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ።»

ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። እግሩን በሰንሰለት አስረውታል።

«ስንት ትሄድ ነበር?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! የፍጥነት መቁጠሪያው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። በማግስቱ ማኅበርተኛው ቤቴን ሊሞላው፣ ተራው የኔ ሆኖ፣ ምን ያህል የምሄድ ይመስልሃል?»

«ፍሬኑንስ ይዘኸዋል?»

«ኧረ ዳበስ ዳበስ ነው ያደረግኩት! አንተ ደግሞ፤ በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠላውን ሌላ ማኅበርተኛ ይውሰደው በላት። ተጠምቆ እንዳይኮመጥጥ።»

እህቴ ግን ስለ ጠላው አልጠየቀችኝም። መጽሐፉን ከሣጥን አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። «ይህን የፈረንጅ መጽሐፍ ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሸከምከው?»

በማግስቱ ቦታው ደረስኩ። ጎማው ሲንሸራተት ጠጠሩ ላይ የተወውን ምልክት ለክቼ ፍጥነቱን አወጣለሁ ብዬ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ከብቱ፣ አህያው፣ ሰዉ ሁሉ አልፎበታል። መንገዱ እንደ አውድማ ተረግጧል። የቀሩት ሾላውና ድልድዩ ብቻ ናቸው። ድልድዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ ይህን ያህል ነው። ሊቆም የሚፈልግ መኪና ሁለት ጊዜ መንገድ ይበላል። መጀመሪያ፣ ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ፤ ይህ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ቀጥሎ፣ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ እስኪቆም። ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ አይሆንም፣ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በፍጥነቱ ላይ ነው። ፍጥነቱን የሚያውቅ ደግሞ የለም።

አንድ ሰው ግን ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄስ በዚያች ሰዓት ከመንገዱ ዳር ሆነው ሁሉንም አይተዋል።

«የኔታ፣ መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ ሾላው እስኪደርስ ምን ያህል ቆየ?»

«መኪና ባየሁ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ» አሉኝ። «ምን ይታወቃል፣ ልጄ፤ ወደኔ ቢዞርስ? ብቅ ሲል ጀመርኩ። ሾላው ሲደርስ ‹ትምጻእ መንግሥትከ› ላይ ነበርኩ።»

መሳም አልበቃኝም፤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ከዚያ ድንጋይ በአንድ ሜትር ክር አስሬ አንጠለጠልኩ፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከወዲህ ወዲያ አንዴ ሲሄድ አንድ ሰከንድ ነው ይላል መጽሐፉ። የኔታ እንደዚያን ቀን፣ በፍርሃትና በጥድፊያ፣ ደገሙልኝ። ሦስት ምት። አምስት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ አምስቱም ጊዜ ሦስት ምት። ከመታጠፊያው እስከ ሾላው አርባ አምስት ሜትር ነው። ስለዚህ በሰከንድ አሥራ አምስት ሜትር ይሄድ ነበር። እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ አሥራ አምስት ሜትር ሄደ፤ ሃያ ቀረው። በጠጠር መንገድ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚመጣ መኪና ለመቆም ሃያ ሁለት ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ተኩል ጎደለው። አንዲት አህያ ከነጭነቷ የምትቆምበት ቦታ ነው።

ሊታሰር ነው፤ አይሰቀልም።

«ሻምበሉ ፊት ቀርበው እንደዛሬው ይደግሙልኛል» አልኳቸው።

«ልጁን ያድነዋል?»

«ያድነዋል፣ የኔታ።»

እንዴት እንደሚያድነው አልነገርኳቸውም። ሰውየው ባሕረ ሐሳብ ቀምረው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያወጡ ሊቅ ነበሩ። እኔ ግን በፈረንሳይኛ የተማርኩት ነገር ለአገሬ ቄስ የሚከብድ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሻምበሉ ድንኳን ገባን። ድንጋዬን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ራሱ አንጠለጠለው፤ ሰዓቱንም አውጥቶ አመሳከረው። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሳይጠየቁም ጀመሩ።

«ጌታው፣ ይህ ልጅ ጨዋ ነው። እንደ ሙሽራ በቅሎ ቀስ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚመጣው።»

«በጣም እየፈጠነ ነበር ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

«ይድገምልኝ» አለ ሻምበሉ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ አነሡት። «አ…ቡ…ነ…» ድምፃቸው ያምር ነበር። ድንጋዩ ይወዛወዛል፤ ሻምበሉ በጣሊያንኛ ይቆጥራል። በሳል ላቋርጣቸው ሞከርኩ፤ ቆጣ ብለው አዩኝና ይበልጥ ሳቡት። «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ምት ሆነ። የሰውን ቃል አጣምሜ መተርጎም እችላለሁ፤ ድንጋይን አልችልም።

ሻምበሉ በእርሳስ ጻፈው። በሰከንድ አምስት ሜትር። ፍሬኑን እስኪረግጥ አምስት ሜትር፣ ከዚያ እስኪቆም ሁለት ተኩል፤ ሰባት ሜትር ተኩል ላይ መቆም ነበረበት። ሃያ ሰባት ሜትር ተኩል ተርፎታል፤ አልቆመም። ሒሳቡን አዙሮ አሳየኝ። ስሕተት አልነበረበትም፤ ቀመሩን ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

ውጭ የኔታ ክንዴን ያዙኝ፤ ፊታቸው በርቷል። «አየህ? እንደ ቅዳሴ አስረዘምኩልህ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መክረንበታል። ሮጠ ብዬ ላስሰቅለው ነበር እንዴ?»

ባገራችን ለተከሰሰ ሰው የሚመሰከረው ጠባዩ ነው። ቀስ ማለት ጨዋነት፣ መሮጥ ጥጋብ ነው። ገመድ የተዘጋጀለትን ሰው ጥጋበኛ ነው ማለት በእጅ እንደ መግደል ይቆጠራል። ይህን እያወቅኩ ነው ያደግኩት።

እዚያው አፈር ላይ በጣቴ ጻፍኩላቸው። አንዴ ብቻ አዩት። «ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ» አሉ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ፤ ተንበርክከው «ዋሽቻለሁ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ብለው በጥድፊያ ደገሙት። ሦስት ምት ነበር፤ እኔ ቆጥሬአለሁ። ሻምበሉ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ሁለት ነገር የሚናገር ምስክር ምንም አልተናገረም» አለ።

የእህቴን ባል ቡሬ ገበያ ላይ ሰቀሉት። እህቴ መጽሐፉን አላቃጠለችውም፤ አንድም ቃል አላናገረችኝም። ጠዋት ጠዋት ምሳዬን አስራ በሩ አጠገብ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ ያ ዝምታ ሰባት ዓመት ቆየ። የኔታን ሰዎች አብዝተው ወቀሱ፤ እሳቸውም ተቀበሉት። እኔን የወቀሰ የለም፤ የተማርኩ ነኝና።

አንባቢ፣ ሰው እንዲመሰክርልህ ስትለምን ለምን እንደምትለምነው ንገረው። አይገባውም አትበል። ቁጭ በልና እስኪገባው ድረስ ንገረው።