የታሰረ ሰው ወደ ስብሰባ ሲጠራ

ተመራማሪ የሚባል ሰው አልወድም ነበር። ከጎንደር በመኪና ይመጡና ጭቃቸውን በራችን ላይ አራግፈው ይገባሉ። ታናሽ ወንድሜ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። እሱን አይተው እኔን ይጠይቁኛል። ይበላል? ይተኛል? ይሳደባል? እሱ እዚያው አጠገባቸው ሆኖ እየሰማ! መመለስ ሰለቸኝ። እነሱ ጽፈው ይሄዳሉ፤ ወንድሜም ሰንሰለቱም እዚያው ናቸው።

ያሰርሁት እኔ ነኝ። ሕመሙ ተነሥቶበት የጎረቤታችንን የገብስ ክምር አቃጠለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወይ እሰረው ወይ ከአገር አውጣው አሉኝ። ከዚያ በፊት ያልሞከርሁት ነገር የለም። ከተማ ወስጄ አሳክሜዋለሁ፤ አንዱ ሐኪም ክኒን ሰጥቶ፣ ጸበል ለጸበል ስታንከራትተው ነው የባሰበት ብሎ ተቆጣኝ። መልሼ ጸበል ወሰድሁት፤ የአጥቢያችን ቄስ ደግሞ ክኒንና ጸበል አብሮ አይሆንም፣ ክኒኑን ይጣል አሉ። ጣለው። ሁለቱም ወገን እኔን ይቆጣል እንጂ እርስ በርሱ አይነጋገርም። ዓመታት በዚህ አለቁ፤ እኔም አብሬ አለቅሁ።

አምና የመጣችው ዶክተር ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

“አያ፣ ይህን ጥናት እኛ ብቻ አንሠራውም” አለችኝ። “ታማሚውም፣ ቤተሰቡም፣ የጤና ጣቢያው ነርስም፣ ካህኑም አንድ ላይ ተቀምጠን ምን እንደሚሻል አብረን እንድንፈልግ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ከተማ እንሰበሰባለን። ወንድምዎን ይዘው ይምጡ።”

“ታስሮ ነው የሚሰበሰብ?”

“ተፈትቶ ነው እንጂ።”

“የሰው ቤት ቢያቃጥልስ? አንቺ ጎንደር ነሽ። ተጠያቂው እኔ ነኝ።”

አይዞዎት ብትለኝ ኖሮ አስወጣት ነበር። አላለችም። “እውነትዎን ነው። እንግዲያው ነርሷ በየጠዋቱ እየመጣች መድኃኒቱን ታስጀምረው። ረጋ ሲል አይተው እርስዎ ይወስኑ” አለች። ያመንኋት ለዚህ ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ረጋ አለ። ብዙውን ቀን ይተኛል እንጂ ጩኸቱ ቀነሰ። የስብሰባው ቀን ማለዳ የሰንሰለቱን ቁልፍ ከፈትሁ። እሱ ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ ቀና ብሎ አየኝ።

“ምነው፣ ልትሸጠኝ ነው?”

“ማን ይገዛሃል” አልሁት።

አውቶቡስ ላይ የሰፈራችን ሴት ዶሮ አቅፋ ተቀምጣ አገኘናት። ገና ስታየው ቀልቧ ተገፈፈ። “አያ፣ ምነው ፈታኸው! መኪና ውስጥ ቢነሣበትስ?”

ወንድሜ ዞር ብሎ “አይዞሽ እቴ፣ ጾም ነው። ዶሮሽን አልነካም” አላት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔ የወንድሜን ጋቢ ጫፍ ጨብጬ እስክንወርድ አልለቀቅሁም።

ስብሰባው ላይ ነርሷና ቄሱ ወዲያው ተያያዙ።

“አባ፣ መድኃኒት የሚያስጥሉብን እርስዎ ነዎት” አለች።

“ጸበል የሚጠጣ በባዶ ሆድ ነው፤ እናንተ ደግሞ በጠዋት እህል ቅመስና ዋጥ ትሉታላችሁ” አሉ። “ሁለቱን በአንድ ጠዋት እንዴት ያድርግ? ጣል እለዋለሁ፤ ምን ልበል!”

ዶክተሯ ወደ ወንድሜ ዞረች። “አንተስ ምን ትላለህ? የምትውጠው አንተ ነህ።”

ልማድ ነውና “እሱማ...” ብዬ ጀመርሁ።

“እሱን ነው የጠየቅሁት” አለች።

ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ፣ “በጠዋት ስውጠው እንቅልፍ ይጥለኛል” አለ። “ጸበል ቦታ ተኝቼ ሲያገኙኝ ሰይጣኑ ጣለው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እየደበቅሁ የተፋሁትም አለ። ጆሮዬ ላይ የሚጮኹት ደግሞ የሚበረቱት ሲመሽ ነው። ምነው ማታ ብውጠው?”

ነርሷና ዶክተሯ በዝቅተኛ ድምፅ ተመካከሩ። ይሆናል አሉ፤ ከእራት በኋላ።

“ማታማ የእኔ ሰዓት አይደለም” አሉ ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ፤ ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። “በጠዋት ጸበል፣ ማታ ክኒን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ እኔው እነግራለሁ።”

“ሽማግሌዎቹስ?” አልሁ።

“እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አይደለሁ? የክምሩንም ባለቤት አነጋግረዋለሁ።”

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። ለዚህ ነበር ይህ ሁሉ ዓመት? እነዚህን ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ጠፍቶ?

ቆይተው የጥናቱን ውጤት በአማርኛ ጽፈው ሰጡን። ፊደል የለየሁት ከጎለመስሁ ወዲህ ነው፤ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። “ተንከባካቢ” የሚለው እኔ ነኝ አሉ። ሸጋ ስም ነው፤ ያሰረ ሰው አይመስልም። ግን መናቅ አልችልም። ዛሬ በእኛ አካባቢ ነርስ ጸበል ቦታ ሄዳ ትቀመጣለች፤ ቄሱም ሰው የባሰበት እንደሆነ ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ከወንዝ ማዶ እንደኛው ታስራ የኖረች ልጅ ተፈትታ ውኃ ስትቀዳ አይቻለሁ። ወንድሜ ዳነ ወይ ይሉኛል። አልዳነም። ክኒኑ የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ሲያልቅ እንደገና ጎንደር መሮጥ አለ፤ ከራሱ ጋር ሲያወራ የሚውልበት ቀንም አለ።

የስብሰባው ዕለት ግን ከዚህ ሁሉ የማውቀው አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ደረስን፤ በልቶ ክኒኑን ዋጠ። ከዚያ እንደ ወትሮው ምሰሶው ሥር ሄዶ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋልኝ። ማንም ሳይጠይቀው።

ቆሜ አየሁት። እግሬም ወገቤም ደክሟል፤ ማሰርም መፍታትም ሰልችቶኛል።

“እግርህን ሰብስብ” አልሁት።

“ቢነሣብኝስ?”

“በሩ ላይ እተኛለሁ።”

“ታንኮራፋለህ” አለ፤ እግሩንም ሰበሰበ።