አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀኝ ካፒቴን

ነገሩ የጀመረው በኅዳር፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዊልያምስታውን የጀልባ ማቆሚያ በር ላይ ነው። የሰፈራችን የታርኔት ባቡር ጣቢያ ከተከፈተ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ከተመረቅሁ እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በተማሪዎች ክለብ የሸራ ጀልባ መንዳት ተምሬ ነበርና፣ ለበጋው አንዱ ጀልባ ላይ ለመቀጠር ቆርጫለሁ። ካልተሳካልኝ ግን እናቴ ከሰኞ ጀምሮ ዲር ፓርክ፣ እሷ የምትሠራበት መጋዘን፣ ሺፍት አስይዛልኛለች።

ለዚህ ሥራ ሲቪ በኢሜይል መላክ ዋጋ የለውም። ልኬ ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም። በእንጨቱ መተላለፊያ እየሄዱ፣ ከጀልባ ጀልባ፣ «ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ አንብቢ ስባል እንኳ ሰበብ ፈልጌ የምሸሽ ሰው ነኝ። አምስት ጀልባ ዝም ብዬ አለፍኩ። ስድስተኛው ላይ ቆም ብዬ ሳመነታ ካፒቴኑ ራሱ «ምን ልርዳሽ?» አለኝ።

ጢሙ የሸበተ፣ ገመድ የሚጠቀልል ፈረንጅ ነበር። ሁለት ቋጠሮ አሠራኝ፤ ሠራሁ። ደስ አለው። ሻይ ላፍላልሽ ሲለኝ አይ አልኩት፤ ማንቆርቆሪያውን መልሶ አስቀመጠው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ለሙከራ አብረሽን ውጪ። ከተስማማን በጋውን በሙሉ ትሠሪያለሽ።»

እኔም እንደ ልማዴ «አይ፣ ላስቸግራችሁ አልፈልግም» አልኩት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ቢያንስ ሁለቴ «ግድ የለም» ሊለኝ ይገባ ነበር። እሱ «ምንም አይደል» ብሎኝ ወደ ገመዱ ዞረ።

ማታ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ጠየቀችኝ።

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«አላስቸግራችሁም አልኩት።»

«ጎሽ። እሱስ?»

«ምንም አይደል አለኝ።»

«ሳይለምንሽ?»

«ሳይለምነኝ።»

«ምን ዓይነት ያልተቀጣ ሰው ነው!» ቢላዋውን አስቀመጠች።

ታናሽ እህቴ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ማሚ፣ ኖ አለችው እኮ። ኖ ካሉት ኖ ነው» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! አንቺማ ሰው ቤት ሳይጠይቁሽም ትበያለሽ።»

እህቴ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ እንኳ አላወቅሁም፤ በሰውየው፣ በመጀመሪያው እሺ እንዳትሉ እያለች ባሳደገችን እናቴ፣ ወይስ ዲግሪ ይዤ አንዲት «እሺ» ከአፌ ማውጣት ባቃተኝ በራሴ። እናቴ ያጽናናችኝ መስሏት፣ «ተይው፣ ሰኞ ለሁለታችንም ምሳ እቋጥራለሁ» አለችኝ። ይኼ ባሰብኝ።

በነጋታው በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። ፉትስክሬይ ላይ ባቡር ስቀይር የምናገረውን በልቤ እደጋግም ነበር። ካፒቴኑ ጀልባውን እያጠበ አገኘሁት። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ፣ «ትናንት አይ ያልኩት አፍሬ ነው። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት በአንድ ትንፋሽ።

ግራ እንደተጋባ የሚያጥብበትን ውኃ ዘጋ። «ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለ። «ሻይ?»

«እሺ» አልኩ።

ስንት ስኳር ሲለኝም ሦስት አልኩት። ቤቴ የምጠጣው በሦስት ነው።