ሁለት ጥርስ ወደ ግራ

ማንበብ እንደማልችል እያወቁ ወረቀት አስፈረሙኝ። የተደረግኩት ይኸው ነው። ዱላው አለፈ፤ ቁስሉም ደረቀ። ወረቀቱ ግን አላለፈም። ከግርጌው "ቃሌን ራሴ አንብቤ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ" ይላል። ከዚያ በታች የአውራ ጣቴ ቀለም አለ። ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ የጫነው መርማሪው ራሱ ነበር። ከላይ የተጻፈው ደግሞ መንገድ ላይ የተቃጠሉትን ጎማዎች ያቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ ነው።

ጎማ ነበረኝ፤ አልክድም። መካኒክ ነኝ። ወልቂጤ በገዛ ግቢዬ ነው የምሠራው፤ አጥሬ ሥር አሮጌ ጎማ ተቆልሎ ያልታየበት ቀን የለም። ከተማው ለተቃውሞ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ በተቀመጠበት በዚያ ሰሞን ሚኒባስ ሥር ተኝቼ እየሠራሁ መጡና እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ጀርባዬ ጠጠሩን እየጠረገ ነው የወጣሁት።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የበቆሎው አቧራ ከግድግዳው ስላልወጣ ሁላችንም ስናስነጥስ እንውላለን። መስኮት የሚሉት፣ ከጣሪያው ሥር የተተወ የአንድ ብሎኬት ቀዳዳ ነው። በእሱ የሚገባ ብርሃን እዚህ ግባ አይባልም። ድምፅ ግን እንደ ልብ ይገባል።

ከግራዬ የሚተኛው መምህር ነበር፤ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ከተማ ሲያስተምር ያረጀ ሰው። ከቀኜ የጉንችሬ ነጋዴ አሉ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሐጂ ሲተኙም ሲነቁም ይቀልዳሉ።

"ወረቀቱ ምን ይላል?" አለኝ መምህሩ በሁለተኛው ቀን።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ሳታነበው ፈረምክ?"

"ማን ያነባል?"

ጣቴ ላይ የቀረውን ቀለም አየ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። "ስማ" አለኝ፣ "ይህ የመጀመሪያው ነው። አንድ ወረቀት ብቻውን ዳኛ ፊት አይቆምላቸውም፤ ሁለተኛ ቃል ያመጡልሃል። የዚያን ቀን አንብበህ እንቢ ካላልክ እዚህ ትከርማለህ።"

"እና?"

"እናማ ትማራለህ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ወላሂ ጉድ ነው!" አሉ ሐጂ ከቀኜ። "ሞተር በትኖ የሚገጥም ሰው ሀሁ ፈራ! ተማር፣ ዝም ብለህ ተማር። እኔም እግረ መንገዴን አማርኛዬን አስተካክላለሁ።"

ደብተር የለ፣ እርሳስ የለ። መጻፊያ የተገኘበት ሰው ወደ ጨለማ ክፍል ይወርዳል፤ መምህሩ አንዴ ወርዶ ወጥቷል። ያለን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነበር። መሐሉ ላይ ያለውን ጥቁር ዘንግ አውጥተን ሲሚንቶው ወለል ላይ እንጽፍበታለን። ስንጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል። ቶሎ አይለቅም፤ ማጥፊያ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሰጠን ማነው ቢባል መርማሪው ነው።

መርማሪው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነበረው። ገና አስፋልቱ ላይ ሳለ መኪናው እንደ ተርብ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ሰማሁትና ሥራ ለምዶብኝ ምርመራ ጀመርኩ። ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፤ ልቅሶው አይወርድም። ጎማው ሲፈጥን ይጨምራል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተር አይደለም። ከሞተር በኩል ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚወስደው ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ ኩሽኔታ በሚሉት የብረት ቀለበት ተይዞ ነው የሚዞረው። ያ ኩሽኔታ አልቋል። ግድግዳ ተደግፌ ይህን ሁሉ አወቅኩ።

"መጣ" እላለሁ። መምህሩ ጨርቁን ያነሳል። መኪናው ጠጠሩን ጨርሶ በር ላይ ሲደርስ ወለሉ ንጹሕ ነው፤ እኛም እናንቀላፋለን።

"ሸይጣን ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣ ያየሁት እዚህ ነው" ይላሉ ሐጂ። "አልሐምዱሊላህ!"

ወሩ ሲያልቅ ቃል እየገጣጠምኩ ማንበብ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን አነባለሁ። ልክ በዚያ ሳምንት መርማሪው ከበር ቆሞ ጠራኝ።

"አንተ፣ መካኒክ ነኝ አላልክም?"

"ነኝ።"

"መኪናዬ የምትጮኸው ምን ሆና ነው?"

"የመሐል ኩሽኔታ ነው።"

"ሳታያት?"

"ሰምቻታለሁ።"

ሳቀ። ለካ ሊፈትነኝ ነው፤ ኩሽኔታውን ቀድሞ ከአዲስ አበባ አስመጥቷል፤ የሚገጥምለት ነው ያጣው። የወልቂጤ ጋራዥ ሁሉ በዚያ ሰሞን እሱ ሲመጣ "ዛሬ ሞልቶብናል" ነበር የሚለው። "ነገ ቤቴ ወስጄህ ትሠራታለህ" አለና ሄደ።

ሐጂ ቀልዱን ተዉት። "ካዳንካት እኮ ማን ይነግረናል?"

"ካላዳናት ይገድለዋል" አለ መምህሩ። "አንተ ሥራት። ሌላ መላ እንፈልጋለን።"

 ሌላ መላ እንደሌለ እሱም ያውቃል።

በማግስቱ ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ጋቢና አስቀምጦኝ ራሱ ነዳ፤ ፖሊሱ ከኋላ ነው። "አሁን ይፍጠኑ" አልኩት። ፈጠነ፤ ጮኸች። "ማርሹን አውጥተው ይልቀቋት።" ለቀቃት፤ ሞተሩ ዝም ሲል ልቅሶው ቀጠለ። "ይኸው" አልኩት። እስረኛው ሲያዘው እሱ ሲታዘዝ የዋለበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

የተከራየው ቤት ግቢው ሰፊ ነበር። ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፌ፣ በክሪክ አንስቼ ገባሁ። ዘንጉን ጨብጬ ስነቀንቀው ላላ። በእጄ ሳዞረው አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ተንኮሻኮሸ፤ ዙሪያውን የያዘው ጎማ ተቀዷል፣ ግራሶው ጠቁሮ ፈስሷል። በአንድ እጄ ካቴና ነበረ፤ ሌላው ጫፍ ከመኪናው መከላከያ ጋር።

ሚስቱ ከቤት ወጣች። የቡታጅራ ልጅ ናት።

"በግቢዬ ሰው በሰንሰለት ታስራለህ?" አለችው።

"አንቺ ግቢ።"

"አልገባም። በአንድ እጁ የገጠመውን መኪና እኔ አልሳፈርም። ቅዳሜ እናቴ ጋ የምሄደው በምንህ ነው? በጫንቃህ?"

ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ፈቱልኝ።

ትንሽ ቆይታ ቆጮ በአይብ አመጣችና ጎንበስ ብላ "ወንድሜ፣ እጅህ ቆሽሿል፤ በዚህ ቁራጭ ወረቀት ይዘህ ብላ" አለችኝ። መኪናው ሥር ተኝቼ በላሁ። እየበላሁ ያየሁት ዘንጉን ከኋላ የያዙትን አራት ቡሎኖች ነው።

እውነቱን ልናገር። አላልቼ ልተዋቸው አሰብኩ። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ ዘንጉ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ይተከላል፣ መኪናዋ ትገለበጣለች። እጄ ቁልፉን ይዞ ነበር። ያስቆመኝ ቆጮው ነው ብል ደስ ይል ነበር። ቅዳሜ እሷ እንደምትሳፈር አስቤአለሁ፤ እሱም አንዱ ነው። ግን እሱ ብቻ ቢሳፈርም አላደርገውም ነበር። ሞት አጭር ነው። እኔ የፈለግኩለት ረጅም ነገር ነበር።

ይህ ዘንግ ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል። ሥራ የሚያውቅ መካኒክ ከመንቀሉ በፊት ሁለቱ ላይ ምልክት ይጭራል፤ ሲመልስ ምልክቱን ከምልክቱ ያገናኛል። ካላገናኘ ዘንጉ ሚዛኑን ይስታል። አይሰበርም፣ አይወድቅም፤ ይንቀጠቀጣል። ከወንበሩ ሥር ጀምሮ እስከ መሪው ድረስ ይንቀጠቀጣል።

አሮጌውን ኩሽኔታ አንኳኩቼ አወጣሁ። አዲሱን ቱቦ አስደግፌ ቀጥ አድርጌ አስገባሁ፤ እሱ ላይ እንከን አልተውኩም። ከዚያ የድሮውን ምልክት በሞረድ አጠፋሁ። ዘንጉን ሁለት ጥርስ ወደ ግራ አዞርኩ። እዚያው ላይ በሚስማር አዲስ ምልክት ጫርኩ፤ ጥልቅና ቀጥ ያለ፣ ማንም የሚያምነው። እሱ በወረቀት የዋሸብኝን እኔ በብረት ዋሸሁበት። አራቱን ቡሎን ባለኝ ኃይል ሁሉ አጠበቅኩ።

በሰፈሩ ውስጥ በዝግታ ነዳት። "ዝም አለች!" አለ። ልጅ የተወለደለት ይመስል ነበር። አስፋልት አልወጣም፤ ቸኩሎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ባትሪውን አልነካም። ሁላችንም ቀዳዳዋን እያየን ተቀመጥን። ልቅሶው የለም። ብዙ ቆየን። ከዚያ ከአስፋልቱ በኩል፣ እንደ ሩቅ ከበሮ የሚጎረብጥ ድምፅ መጣ።

"መጣ" አልኩ።

ሐጂ ጆሯቸውን ቀስረው ሰሙ። "ዘፈኑን ቀየርክለት?"

"ቀየርኩለት።"

መምህሩ ጨርቁን አነሳ። ትከሻው እየሳቀ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ መርማሪው በሩን በርግዶ ገባ። "ትንቀጠቀጣለች!"

"አዲስ ኩሽኔታ ነው ጌታዬ። እስኪለማመድ ነው።"

አመነኝ። አንብቤ ፈርሜአለሁ ብሎ በእኔ ስም የጻፈ ሰው እኔን አመነኝ።

ሁለተኛው ወረቀት በመጨረሻ መጣ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የቀለሙን ሳጥን ወደ እኔ ገፋ። ወረቀቱን አነሳሁት። ከላይ ጀመርኩ፤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ።

"ምን ታፈጣለህ? ፈርም!"

"እያነበብኩ ነው።"

መሳቅ ጀመረና መሐል ላይ አቋረጠው። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "ጎ…ማ…ዎቹን… በ…ገዛ… ፈቃዴ…" እያልኩ እስከ ግርጌው ወሰድኩት። ረጅም ጊዜ ፈጀ። እሱ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አስተካክዬ ፊቱ አስቀመጥኩ።

"ይህ የእኔ ቃል አይደለም። አልፈርምም።"

"ማን አስተማረህ?"

"መኪናዎ ናት።"

በጥፊ መታኝ። ያልኩት እውነት ነበር፤ ስላልገባው ግን መምህሩን አላገኘውም። ጨለማ ክፍል ወረድኩ። እዚያ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም፤ ፊደሉን በጣቴ መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ቆየሁ። ከዚያ ዳኛ ፊት አቀረቡኝ። ያላቸው የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ዳኛው አሻራውን አይተው "ያነበበ ሰው ለምን በጣት ይፈርማል?" ብለው ጠየቁ።  መዝገቡ ተዘጋ፤ ከእስር ወጣሁ። እኔ ግን ነገሩ የተዘጋ መስሎኝ አያውቅም። የወረቀቱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ወስጄ የምሠራበት ዳስ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሲመሽ ሲነጋ አነበዋለሁ። ሰዎች "አንሳው፣ እርሳው" ይሉኛል። እኔ ሰው የሚረሳው ሲፈልግ ይመስለኛል። አልፈለግኩም።

በቀደም ገበያ ቀን ነበር፤ ግቢዬ በአገና ሚኒባስ ሾፌሮች ተሞልቷል። ያ ጉርብጥብጥ ድምፅ ከአስፋልቱ በኩል መጣ። እጄ ላይ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጥኩ። በሩን አልፎ ገባ። መርማሪው ከሥራው ከተነሳ ቆይቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

"ጋሼ፣ ቡታጅራ ሦስት ቦታ አሳየኋት" አለኝ፤ አሁን "እርስዎ" እያለ። "አራት ኩሽኔታ በላች። ሁሉም በምልክቱ ነው የገጠምነው ይላሉ። መጀመሪያ የከፈታት ሰው ጋ ውሰዳት አሉኝ።"

"አወቅከኝ?"

መሬት መሬት አየ። "አወቅኩዎት።"

"እሠራታለሁ። ክፍያ አልፈልግም።" ግልባጩን ከግድግዳው ገንጥዬ ሰጠሁት። "ይህን አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ።"

"ጋሼ፣ ሰው እየሰማ…"

"የምትሄድበት በር ክፍት ነው።"

ሾፌሮቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አንዱ ከኋላ "አንብብ እንጂ፣ ተምረሃል አይደል?" አለው። አነበበ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ግን እንደ እኔ ይንተባተብ ነበር። ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ጨርሰው" አልኩት።

"ቃሌን… ራሴ አንብቤ…"

"ማነው ያነበበው?"

"አላነበቡም" አለ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጣትዎን የጫንኩትም እኔ ነኝ።"

ካርቶን አንጥፌ መኪናው ሥር ገባሁ። ዘንጉን ፈታሁ፣ ሁለት ጥርስ ወደ ቀኝ መለስኩ፣ አራቱን ቡሎን አጠበቅኩ። ምን እንዳደረግኩ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ይቅርታ ሲጀምር "ሂድ" አልኩት። ሄደ፤ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። ይቅር አላልኩትም፤ ጉዳዩ ግን አለቀ። ይህን በገዛ እጄ የጻፍኩት ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።